ቢልሃርዚያ መድኃኒት ተውጦም ለምን ይመለሳል?

የዘጌ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ11 ዓመት ወንድሜ ከጣና አይወጣም፤ ይዋኛል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ውሃ ይቀዳል። አምና ሰገራው ተመርምሮ ቢልሃርዚያ ተገኘና መድኃኒት ዋጠ። ዘንድሮ ደግሞ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ አንዳንዴ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አለው፣ ክፍል ውስጥም ይደክመዋል። እናቴ "ያልፋል" ትላለች። ምን ላድርግ?

ባሕር ዳር ነኝ፦ አያልፍም ወንድሜ! ነገ ዛሬ ሳትል ጤና ጣቢያ ውሰደው። የቢልሃርዚያ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በሽታውን የሚያመጡትን ያደጉ ትሎች ይገድላል እንጂ በቅርብ የገቡትን እምብዛም አይነካም፤ ከዳነ በኋላም ሐይቅ ከገባ እንደገና ይያዛል፣ ምክንያቱም ትሉ የሚገባው ቆዳ በስቶ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሲቆይ የሚያመጣው ነው። እንቁላሎቹ ጉበት ላይ እየቀሩ ጠባሳ ይሠራሉ፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ከዓመታት በኋላ ደም እስከማስታወክ ይደርሳል። ልጆችን ደግሞ ደም ያሳንሳል፣ ዕድገታቸውንም ይጎትታል።

የድሮ ጤና ሠራተኛ፦ አንድ ልጨምር። ትሉ መጀመሪያ ቀንድ አውጣ ውስጥ መራባት አለበት፤ ሣር የበዛበትን ዳርቻ ይሽሽ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት፣ ያው እናቶቻችን የሚያጥቡበት እንዶድ! ሜዳ ላይ መጸዳዳት ካልቀረ ግን ዝናብ እንቁላሉን ጠርጎ ሐይቅ ይከተዋል።

የዘጌ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የገላ መታጠቢያውንስ?

የድሮ ጤና ሠራተኛ፦ አፍሉት፣ ወይም ቀድታችሁ 2 ቀን አቆዩት።