የወንድሜን የዘር ቆጠራ ደብተር እንዴት ልቀጥል?

ጠያቂ፦
የወንድም ጋሼ ሙት ዓመት እየተቃረበ ነው። ደጋ ዳሞት ባደግንበት ቤት የቀደምቶቻችንን ስም አጥብቆ የሚጠይቅ እርሱ ነበር፤ በየበዓሉ ከአያታችን አጠገብ ተቀምጦ በእርሳስ የጻፈውን መልሶ እያነበበላት፣ እርሷ «እንዲያ ነው» ካላለች ወደሚቀጥለው ስም አያልፍም። በየስሙ ኅዳግ ላይም የነገረውን ሰው አስፍሯል። ደብተሩ ግን አምስተኛው ቤት ላይ ከወንድ ወደ ሴት ይሻገርና፣ ከእርሷ በላይ «ወለተ» ብሎ በሚጀምር ስም ይቆማል። ተሳስቶ ነው ወይስ እኔ ያላወቅሁት ነገር አለ? የጀመረውን ዳር አድርሼ ለልጆቹ ላስረክብለት እፈልጋለሁ።

መልስ 1፦
እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፣ እናንተንም ያጽናችሁ። ወንድምዎ አልተሳሳቱም። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለነበር፣ ሰው ከዋናው አባት (መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ቀደምት) መወለዱን ሲያስረዳ ሐረጉን በሴት አያቶቹም በኩል ይቆጥር ነበር። ቆጠራውን ጠንቅቆ ማወቅ መሬት የሚያስገኝ፣ ዳኛ ፊትም የሚያስረታ እውቀት ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ ግን ለርስት ብሎ የሚቆጥር ጠፋ፤ ለጋብቻ የሚጠየቀው ሰባት ቤት ብቻ ቀረ። ስለዚህ በርስት የተከራከረ ዘመድ ካለ ይፈልጉ፤ የፍርድ ግልባጭ በሣጥኑ አኑሮ ከሆነ፣ የእርስዎም ሐረግ በምስክሮች ቃል ተዘርዝሮ ሊገኝበት ይችላል።

መልስ 2፦
ነፍስ ይማር። ወለተ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ የመሳሰለው የክርስትና ስም ነው፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚሰጥ፣ በፍትሐት ጸሎትም የሚጠሩበት። ስለዚህ ከበታች ያለችው ሴትና ይህች ባለ ክርስትና ስም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንዲህ ከሆነ አንዲት እናት ሁለት ትውልድ ሆና ተቆጥራለች ማለት ነው። ኅዳጉን ይመልከቱ፤ ሁለቱን ስሞች የነገሯቸው የተለያዩ ሰዎች ከሆኑ ጥርጣሬዬ ይበረታል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነጋሪዎቹ በእርግጥም የተለያዩ ናቸው፤ የታችኛውን የነገረችው አያታችን ስትሆን፣ የላይኛውን የነገሩት የደብሩ ቄስ ናቸው። ለሙት ዓመቱ አገር ቤት ስንሄድ፣ በርስት ተከራክረው የነበሩትን የአባታችንን አጎት ስሞቹን ሳላነብላቸው ከራሳቸው ጀምረው ወደ ላይ እንዲቆጥሩልኝ እጠይቃቸዋለሁ።