አዳዲሶቹ ላይብረሪዎች መጽሐፋቸው የት ገባ?

ጀማሪው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ 5ኛ ዓመት አርክቴክቸር ነኝ፣ ቴሲሴን የክፍለ ከተማ ላይብረሪ ላይ ልሰራ አስቤ ውጭ የተሰሩትን ሳይ ግራ ገባኝ፣ ካፌ፣ ሰው የሚቀመጥበት ሰፊ ደረጃ፣ የልጆች መጫወቻ ምናምን፣ መደርደሪያው ጥግ ላይ ነው ሚገኘው። አድቫይዘሬ ደሞ "ይሄ ሞል ነው" ብሎ ስኬቹን መለሰልኝ 😅 እኛ ጋ ያስኬዳል ወይስ ፋሽን ነው?

ብርዱ_ገደለኝ፦ ሄልሲንኪ ነው ምኖረው ኦዲ ሚባለው ላይብረሪ እመላለሳለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው የተከፈተው። ምድሩ ላይ ሲኒማና ምግብ ቤት፣ መሀሉ ላይ 3ዲ ፕሪንተር፣ ስቱዲዮ፣ የስፌት መኪና ሳይቀር አለ (መጋረጃዬን እዛ ነው የሰፋሁት)፣ መጽሐፉ ላይኛው ፎቅ ሆኖ 100 ሺ ገደማ ነው። ግን ልብ በል፣ የከተማው ላይብረሪዎች በአንድ ሲስተም ስለሚዋዋሱ ነው ያ የሚበቃው፣ የፈለከውን ኦንላይን ታዛለህ ከሌላ ቅርንጫፍ ያመጡልሃል። ያ ሲስተም ሳይኖርህ መደርደሪያ ቀንሰህ ካፌ ብትጨምር አድቫይዘርህ ልክ ነው።

ቁልፍ_ያዡ፦ ላይብረሪ ነው ምሰራው፣ የት እንደሆነ ይቅር። አብዛኛው ሰው የራሱን ሀንዳውት ይዞ ነው ሚመጣው፣ ሚፈልገው ወንበር፣ ሶኬትና ጸጥታ ነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት ሩጫ ነው፣ ደብተር ጣል አርጎ ለጓደኛው ቦታ ሚይዘውማ አይነሳ። የኛ ህንፃ መሀሉ እስከ ጣሪያ ክፍት ነው፣ ለፎቶ ያምራል፣ ግን ታች አንዱ ስልክ ሲያወራ 3ኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል ከዛ ሲጮሁ እኔን ነው ሚጠሩኝ። መጀመሪያ በሩ ሚዘጋ የጸጥታ ክፍል ሳል፣ ሌላውን ከዛ በኋላ።

ዝምተኛው፦ ለፎቶ ካልክ አይቀር የቻይናውን ቲያንጂን ቢንሃይ እዩት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲከፈት ኢንተርኔቱን ያጥለቀለቀው ነጩ። እስከ ጣሪያ ከተደረደረው መጽሐፍ የላይኛው ብረት ላይ የታተመ ስዕል ነው 😂 በዲዛይኑ ከላይኛው መደርደሪያ ጀርባ መግቢያ ነበረው፣ ግንባታው ሲጣደፍ እሱ ቀረ፣ እዛ ላይ ሚደርስ ሰው ስለሌለ ነው በስዕል የሸፈኑት።

ጀማሪው፦ ኧረ ጉድ ነው። በቃ ቅዳሜ 4 ኪሎ አብርሆት ላይብረሪ ሄጄ ስንቱ መጽሐፍ ስንቱ ላፕቶፕ እንደያዘ ቆጥሬ ነው ምስለው። ቁልፍ ያዡ፣ ሶኬት በየጠረጴዛው ይበቃል?

ቁልፍ_ያዡ፦ በየወንበሩ!! ኤክስቴንሽን እየጎተቱ ሰው ሲያደናቅፉ ነው ምውለው።