«የማይሸጥ ዲግሪ» የሚባለው የትኛው ነው?

ቦርድ ተራ፦ ትናንት ሰባሠላሳ እዚሁ የጻፋት ነገር ከጉሮሮዬ አልወርድ ብላለች። «አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ ቦርድ ሥር አንጋጦ የሚውለው ሁሉ የማይሸጥ ዲግሪ ይዞ የመጣ ነው። ታሪክና ሶሺዮሎጂ ተምሮ ሥራ አጣሁ ብሎ ማማረር አይሆንም» ነው ያለው። ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ይንገሩን። ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ በነበረው የሰባ ሠላሳ ምደባ (ሰባ በመቶው ተማሪ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ለማኅበራዊው ዘርፍ) ለማኅበራዊ ሳይንስና ሂዩማኒቲስ የታሰበው 10 በመቶ ነበር። ኢንጂነሪንግና ቴክኖሎጂ 40፣ ተፈጥሮ ሳይንስ 20፣ ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ 20፣ ጤና 5፣ ግብርና 5። ታዲያ ቦርዱን ያጨናነቀው ያ 10 በመቶ ነው? ታሪክ የተማረ ሰው እንደ ሊጥ ይቦካል እንዴ?

ሰባሠላሳ፦ «ጋሼ» ስትለኝ ልትሰድበኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ይሁን። እኔ ስለ ሰው ብዛት መች አወራሁ? ብዛት ሌላ፣ ምጣኔ ሌላ። ከመቶ የታሪክ ተመራቂ ስንቱ በተማረበት ገባ? የረቡዕንና የእሁዱን ሪፖርተር ገልጠህ የሥራ ማስታወቂያውን ቁጠር። አካውንታንት፣ አካውንታንት፣ ካሸር፣ ሹፌር፣ ፋርማሲስት፣ ሴልስ፣ እንደገና አካውንታንት። «በታሪክ የተመረቀ» የሚል ካገኘህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የማይሸጥ ያልኩት ይሄንን ነው።

አሽሙረኛው፦ ዲግሪ አትክልት ተራ የገባው መቼ ነው? ኪሎው ስንት ገባ?

ቦርድ ተራ፦ ሹፌርና ካሸርንም ቆጠርክልኝ! ሹፌር በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው የሚመረቀው? ከጠቀስካቸው አምስት ሥራዎች ሁለቱ ዲግሪ አይጠይቁም። «ሴልስ» የሚለው ደግሞ «በማንኛውም የትምህርት ዘርፍ» ይላል። የታሪክ ልጅ እዚያ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ተሸጠ!

ፎርማን፦ ስለ 40 በመቶዎቹ፣ ስለ ኢንጂነሮቹ፣ አንድ ሰው ይናገር እንጂ። ሲቪል «ይሸጣል» የተባለው ኮንዶሚኒየሙም መንገዱም ባንድ ጊዜ ሲሠራ ነው። ያኔ ገዢው አንድ ነበር፣ የመንግሥት ፕሮጀክት። ሲሚንቶ ሲጠፋ፣ የፌሮ ዋጋ ሲንር፣ የክፍያ ሰርተፊኬት ወር እየዘለለ ሲጸድቅ ተቋራጩ መጀመሪያ የሚቀንሰው ጁኒየር ሳይት መሐንዲሱን ነው። ፎርማኑን አይነካውም። ለምን? ፎርማኑ ስታፋ (ፌሮውን ዙሪያውን የሚይዘውን ቀለበት ብረት) ያሳስራል፣ ቀን ሠራተኛ ይቆጣጠራል፣ ደሞዙም ከመሐንዲሱ ብዙ አይርቅም። ተመራቂው ሳይት ላይ የሚወድቀው በስትራክቸር ቲዎሪ አይደለም። የ12 ሚሊ ፌሮ በሜትር ስንት ኪሎ ነው ሲባል ስልኩን ያወጣል። ዲያሜትሩን በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል ነው። 144 ሲካፈል ለ162፣ 0.89 ኪሎ ግድም። አንዱ ቤርጋ 12 ሜትር ስለሆነ 10.7 ኪሎ ይሆናል። ቴክኦፍ፣ ማለት ከፕላኑ ላይ የዕቃውን መጠን ሲያሰላ ደግሞ ኦቨርላፑን (ፌሮ ከፌሮ ሲቀጠል የሚደራረበውን) እና የስታፋውን መታጠፊያ ይረሳል። ወረቀቱ ላይ ብረቱ ይበቃል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያልቃል።

ሰባሠላሳ፦ ይኸው! ችግሩ ክህሎት ነው እንጂ ፊልዱ አይደለም ማለትህ ነው። ሲቪል ይሸጣል፣ ልጁ ነው ያልተሸጠው።

ፎርማን፦ እንደዚያ አላልኩም። ፕሮጀክት ሲቆም የፌሮውን ኪሎ በቃሉ የሚያውቀውም ቤቱ ይቀመጣል። ሁለቱንም ነው ያልኩት፣ ግማሹን ቆርጠህ አትውሰድብኝ።

ነጭ ጋዋን፦ «የማይሸጥ» ከተባለ ሕክምናን ምን ልትሉት ነው? ከስድስት ዓመት በላይ ተምሮ ሥራ ፈልጎ የሚዞር ጠቅላላ ሐኪም አለ። ድሮ ጤና ሚኒስቴር ተመራቂውን ዕጣ እያስወጣ ይመድብ ነበር። ሁሉም ይመደብ የነበረበት ጊዜ አለፈ። ሕመምተኛ ጠፍቶ ነው? ጥቁር አንበሳ በር ላይ ቆማችሁ ሰልፉን እዩ። ሕመምተኛ አለ፣ ሐኪም አለ፣ የሌለው የሥራ መደብ ነው። መደብ የሚከፈተው በበጀት ነው፣ በበሽታ ብዛት አይደለም። እና ይሄ ዲግሪ የማይሸጥ ነው ወይስ ገዢው ኪሱ ባዶ ነው?

ቦርድ ተራ፦ አፌ ቁርጥ ይበልልህ! «የማይሸጥ» ያለው ሰው ገዢው ማን እንደሆነ እስካሁን አልነገረንም።

ሰባሠላሳ፦ ገዢው ገበያ ነዋ።

አሽሙረኛው፦ ገበያ የሚባል ሰውዬ ቢሮው የት ነው? ሲቪ ላስገባ ነበር።

ሲማ፦ ቢሮው እኛ ጋ ነው፣ ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል)። ሲቪያችሁ እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁና ከዚያ ትጣላላችሁ። ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ ለ5 ወይም ለ10 የሥራ ቀን ይወጣል። ለአንድ ጀማሪ መደብ በመቶዎች ይመዘገባል። ሁሉንም የሚያነብ ሰው የለም፣ ኤክሴል ላይ ይገባና ይጣራል። መጀመሪያ የመውጫ ፈተና። ቀጥሎ ውጤት፣ ለወንድ ይሄን ያህል ለሴት ያን ያህል ተብሎ። ከዚያ የዘርፉ ስም። ሰው የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያው «አካውንቲንግና ፋይናንስ» ካለ «ኮፐሬቲቭ አካውንቲንግና ኦዲቲንግ» የሚል ዲግሪ ያለው ልጅ ይወድቃል፣ ኮርሱ አብዛኛው አንድ ሆኖ ሳለ። «ወይም ተዛማጅ» የሚል ቃል ካለ ይተርፋል፣ ከሌለ የለም። መንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ለመደቡ የጸደቀ የዘርፍ ዝርዝር አለ። ከዝርዝሩ ውጪ የቀጠረ ኤችአር በኦዲት ይጠየቃል። ስለዚህ ማንም አይደፍርም።

ፒችትሪ፦ ሲማ እውነቷን ነው። ግን «አካውንቲንግ ይሸጣል» ብላችሁ እኛንም አታሞኙን። ማስታወቂያው የበዛው ሥራው ስለበዛ ብቻ አይደለም። ደሞዙ ስለሚያንስ ሰው አይቆይም፣ ያው ወንበር በዓመት ሁለቴ ማስታወቂያ ይወጣበታል። ፈላጊው ደግሞ ከየኮሌጁ ይጎርፋል። የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ሐምሌ 2015 ሲሰጥ ከግል ተቋማት 72,203 ተፈትነው 50ን ያለፉት 12,422፣ 17.2 በመቶ ናቸው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ 77,981 ተፈትነው 48,632 አለፉ፣ 62.36 በመቶ።

ተስፋ ኮሌጅ፦ ገና መጣችሁብን። የግሉ ተቋም ተማሪ ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር ነው። ዶርም ተሰጥቶት ካፌ ከሚመገብ ጋር ለምን ይወዳደራል? ደግሞስ ያ ቁጥር የሁሉም ዘርፍ ድምር ነው፣ ስለ አካውንቲንግ ምን ይነግራል?

ፒችትሪ፦ ካፌውን ተወው፣ እንጀራውን ያየ ያውቀዋል። ድምር መሆኑን አልካድኩም። ያልኩት ወንፊቱ ጠበበ ነው። ጥያቄው ወንፊቱ ምን ያጣራል ነው። መቶ የምርጫ ጥያቄ ያለፈ ልጅ ፔይሮል (የደሞዝ ስሌት) ስጠው። 10,000 ብር ደሞዝ፣ በአዲሱ የገቢ ግብር አዋጅ ስንት ይቆረጣል? እስከ 2,000 ነፃ። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ፣ 300። ቀጣዩ 3,000 በ20፣ 600። የመጨረሻው 3,000 በ25፣ 750። ግብሩ 1,650፣ ጡረታ 7 በመቶ 700፣ እጁ የሚገባው 7,650። ድርጅቱ ከራሱ 11 በመቶ፣ 1,100 ይጨምራል። ቀላል ነው። ስህተቱ የት ነው? ግማሹ ልጅ 25 በመቶውን በሙሉ 10,000 ላይ ይመታና ሠራተኛውን 2,500 ያስከፍለዋል። ሌላው የድርጅቱን 11 በመቶ ከሠራተኛው ይቆርጣል። ገና የድሮውን የ600 ብር ነፃ ጣሪያ የሚያሰላም አለ። ይሄን የሚያውቅ ይቀጠራል፣ ዲግሪው ኢኮኖሚክስም ቢሆን።

ቦርድ ተራ፦ ዲግሪው ታሪክ ቢሆንስ?

ፒችትሪ፦ እሱማ በሲማ ኤክሴል ላይ ስሙ ስለሌለ እኔ ጋ አይደርስም።

ቦርድ ተራ፦ በቃ! የማይሸጥ ያደረገው ማስታወቂያው ላይ ያለው ቃል ነው እንጂ ልጁ ምን አጠፋ!

መረጃ ቋት፦ ሁለታችሁም ቁጥር ስትነኩ ያመኛል። የሥራ አጥነትን ምጣኔ በትምህርት ዘርፍ ለማነጻጸር መጀመሪያ ዕድሜ ይስተካከል። ሰባ ሠላሳው ያበዛቸው መሐንዲሶች አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ታሪክ የተማሩት ውስጥ ግን ከዚያ በፊት የወጣ፣ ወንበሩን የያዘ ጎልማሳ አለ። ጥሬውን ካነጻጸርክ «ታሪክ ይሸጣል፣ ኢንጂነሪንግ አይሸጥም» ሊወጣልህ ይችላል፣ ለሰባሠላሳ መጥፎ ቀን ነው። ከተመረቁ እኩል ዓመት የሆናቸውን ለካ። ቀጥሎ፣ ሥራ አጥ ማን ነው? በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ በሳምንቱ 1 ሰዓት ለገቢ የሠራ ሥራ አጥ አይባልም። እኛ ጋ በቆየው የስታቲስቲክስ አሠራር ደግሞ ሥራ መፈለግ ያቆመ ሰው «ቢገኝ እሠራለሁ» ካለ ከሥራ አጥ ይቆጠራል። ከውጭ አገር ሰንጠረዥ ጋር ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ሁለት ሚዛን ነው የያዘው። ሌላው፣ ሥራ ያለውና በተማረበት የሚሠራው አንድ አይደሉም። ዩኔስኮ የትምህርት ዘርፎችን ከ00 እስከ 10 በኮድ ከፍሏል፣ የሥራ ዓይነትም የራሱ ኮድ አለው። ሁለቱ ካልገጠሙ የዘርፍ አለመጣጣም ይባላል። ራይድ የሚነዳ ሲቪል መሐንዲስ በአንደኛው ሰንጠረዥ ሥራ አለው፣ በሁለተኛው ግን ዘርፉን ስቷል።

አሽሙረኛው፦ እሱ እኮ ትራንስፖርቴሽን ኢንጂነሪንግ ነው፣ ገጥሟል።

ሰባሠላሳ፦ ጥሩ፣ በአንተው ሚዛን እንሂድ። እኩል ዓመት የሆናቸው የሶሺዮሎጂና የፋርማሲ ተመራቂዎች አምጣ። ማን ቀድሞ ይገባል?

ቦርድ ተራ፦ ሶሺዮሎጂ ኤንጂኦ ይገባ ነበር። ኬዝ ወርከር፣ ኮቦ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ መረጃ ሰብሳቢ፣ ሞኒተሪንግና ኢቫሉዌሽን (የፕሮጀክት ክትትልና ግምገማ)። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ ያ በር ተዘጋ። ዋሽንግተን ላይ በተፈረመ ወረቀት አንድ ዲግሪ ባንድ ሳምንት ከሚሸጥ ወደ የማይሸጥ ይለወጣል? ያው ልጅ፣ ያው ትራንስክሪፕት።

ነጭ ጋዋን፦ በዚያው እርዳታ ደሞዝ ይከፈለው የነበረ የጤና ባለሙያም አለ። ፊልዱ አላዳነውም።

ዋስ ያጣ፦ ስለ ፊልድ ስታወሩ ዋስ የሚባለውን ረሳችሁት። ለካሸር፣ ለንብረት፣ ለባንክ «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል» ይላል። የዋሱ ደሞዝ ካንተ ደሞዝ ማነስ የለበትም የሚሉም አሉ። ዘመድ ከሌለህ አካውንቲንግ ምን ያደርግልሃል?

ሲማ፦ የዋስ ነገር እውነት ነው፣ ግን ዋስ የሚጠየቀው ካለፉ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው የሚጥለው የሥራ ልምድ ወረቀት ነው። ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ካልገለጸ አይያዝም። ከምረቃ በፊት የተሠራም ብዙ ጊዜ አይቆጠርም። ድርጅቱ ደሞዝህን አሳንሶ ለግብር ካስመዘገበ ወይም ጭራሽ ካላስመዘገበ ሁለት ዓመት ሠርተህም ወረቀት ላይ 0 ዓመት ነህ። ይሄ ታሪክ ብትማር ሲቪል ብትማር ያው ነው።

መረጃ ቋት፦ ስለ ቦርዱ ካነሳችሁ፣ እዚሁ አዲስ አበባ በ2007 ዓ.ም የተጀመረ ሙከራ አለ። ከ18 እስከ 29 ዓመት የሆናቸው፣ ከመሀል ከተማ ራቅ ብለው የሚኖሩ ሥራ ፈላጊዎች በዕጣ ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን መሀል ከተማ መጥቶ ሥራ እንዲፈልግ የታክሲ ገንዘብ ተሰጠው። ሌላው ሲቪ አጻጻፍና ቃለ መጠይቅ ተለማምዶ፣ ሒሳብና የመሳሰለውን ተፈትኖ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሜርስ የክህሎት ምስክር ወረቀት ያዘ። ባጭር ጊዜ ሁለቱም የተሻለ ሥራ አገኙ። ከ4 ዓመት በኋላ የታክሲው ጥቅም ጠፍቷል፣ ምስክር ወረቀት የያዙት ግን ገቢያቸው በ20 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። ፊልዳቸውን የቀየረላቸው ሰው የለም። ችሎታቸው ለቀጣሪው እንዲታይ ነው የተደረገው።

ሰባሠላሳ፦ እዚያ ውስጥ ግን አሥራ ሁለተኛ የጨረሰም፣ ዲፕሎማም፣ ዲግሪም አለ። ስለ ዲግሪ ዘርፍ አይናገርም።

መረጃ ቋት፦ ልክ ነህ፣ አይናገርም። አንተም ስትናገር ይሄን ያህል ብትጠነቀቅ ጥሩ ነበር።

ፎርማን፦ ተበላህ።

ሰባሠላሳ፦ ምን ተበላሁ? የመንግሥት የዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ሲያድግ ሰው ለየትኛው መደብ ነው የሚሰለፈው? ዝርዝሩ ላይ ስሙ ላለው። ስሙ የሌለው አይሰለፍም። የማይሸጥ ብያለሁ፣ አልመልሰውም።

ፒችትሪ፦ 11,500 ስትል ያልተቆረጠውን ነው። ግብር 2,100፣ ጡረታ 805፣ እጅ የሚገባው 8,595። ፈተናዬን ወድቀሃል።

የኮፐሬቲቭ ልጅ፦ ይቅርታ፣ ክርክሩን ላቋርጥ። ሲማ፣ ያ ስሙ የሚወድቀው ዲፓርትመንት የኔ ነው። ምን ይደረጋል?

ሲማ፦ ከተማርሽበት ዲፓርትመንት «ይህን ያህል የአካውንቲንግ ክሬዲት ሰዓት ወስዳለች» የሚል፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አውጪ። ከስቱደንት ኮፒው (ከውጤት ዝርዝርሽ) ጋር ከላይ አድርገሽ አያይዢ፣ ከሥር ከቀበርሽው አይታይም። «ተዛማጅ» የሚል ካለ በእሱ ተከራከሪ፣ ምዝገባው ሳይዘጋ እንጂ ዝርዝሩ ከተለጠፈ በኋላ አይሆንም። የመንግሥት መደብ ከሆነ ጊዜሽን አታጥፊ፣ ዝርዝሩ ላይ ካለሽ ብቻ ሂጂ። ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ግን ስምሽን ጠርተው ነው የሚያወጡት፣ ከእነሱ ጀምሪ። ኮስት ሼሪንጉን (የትምህርት ወጪ መጋራቱን) ካልጨረስሽ ኦሪጅናሉ ዲግሪ ስለማይሰጥ ቴምፖውን፣ ጊዜያዊውን ማስረጃ፣ ይዘሽ ተመዝገቢ።

የኮፐሬቲቭ ልጅ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን ስንት ቀን ያቆዩታል?

አሽሙረኛው፦ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ ካልሆነ በዚያው ቀን።

ቦርድ ተራ፦ ሰባሠላሳ፣ ገዢው ማን ነው ላልኩት መልስ አልሰጠህም። እዚሁ ነኝ።