የጥራት ፕሮፖዛሉ፦ ዓርብ ከመግባቱ በፊት

ጸሐፊ፦ እንደምን ዋላችሁ። የልብስ ፋብሪካዎች ማኅበራችን ዓርብ የሚያስገባው የጥራት ፕሮፖዛል ረቂቅ አሁን እንዲህ ይላል፦ «አባል ፋብሪካዎች የመጨረሻ ፍተሻ ሠራተኞችን ይጨምሩ፤ ማኅበሩ ሥልጠናውን ይሸፍን።» ሐሳብ ያለው ዛሬውኑ ይጻፍ።

ገላን (ባለፋብሪካ)፦ እኔ ተስማምቻለሁ። ገዢው የሚያውቀን በመጨረሻው ፍተሻ ነው። በኤኪውኤል (ገዢው የሚቀበለው የጉድለት ገደብ) 2.5 በመደበኛው የፍተሻ ደረጃ ከ1,201 እስከ 3,200 ለሚደርስ ጭነት 125 ቁራጭ ይመዘዛል። 7 ጉድለት ድረስ ያልፋል፣ 8 ከሆነ ጭነቱ ወደቀ። በ2014 ዓ.ም. አጎዋ (ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድል) ከተቋረጠብን ወዲህ ደግሞ የወደቀ ጭነት የምንችልበት አቅም የለንም።

ቦሌ ለሚ (ጥራት ክፍል)፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ግን በር ላይ ሰው ብንደረድር ጉድለቱን ቆጥሮ ከማስረከብ አያልፍም። ፖሎ ሸሚዝን ይውሰዱ። የደረቱ ቁልፍ መስጫ ጠማማ ከተሰፋና ማንም ካላየው ኮሌታ ይገባበታል፣ እጅጌ ይገባበታል፣ ጎኑ ይዘጋል። ጉድለቱ ላይኑ (የስፌት መስመሩ) መጨረሻ ላይ ሲገኝ ኮሌታው መፈታት አለበት። ሹራብ ጨርቅ ደግሞ ሲፈታ የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል፤ አንዳንዱ ከነጭራሹ ይተረተራል። ያንን የምትፈታው ማን ናት? ያችው አዲስ ቁራጭ መስፋት የነበረባት ኦፕሬተር። በዚያ ላይ ምርቱ ይወርዳል፣ ኦቨርታይም ይገባል፣ ጅቡቲ ላይ መርከቡ ያመልጣል። ከዚያ በአውሮፕላን ነው፤ ክፍያውም በእኛ።

ስለዚህ ገንዘቡ ላይኑ ውስጥ ይግባ። ተዘዋዋሪ ኢንስፔክተር ማሽን ለማሽን እየዞረች ሰባት ሰባት ቁራጭ ትይ፤ ንጹሕ ከሆነ አረንጓዴ ካርድ፣ ካልሆነ ቀይ። ቀይ ሲሰቀል ማሽኑ ይቁም፣ ሱፐርቫይዘሩ «ትዕዛዙ አስቸኳይ ነው» ብሎ የማስቀጠል ሥልጣን አይኑረው። ብዙ ጊዜ ችግሩ የደነዘዘ መርፌ ወይም የላላ ክር ነው፤ ለመቀየር ደቂቃ አይፈጅም።

ሰበታ (መጋዘን)፦ ጨርቁም አይረሳ። በባለ 4 ነጥቡ አሠራር (እያንዳንዱ የጨርቅ ጉድለት እንደ መጠኑ ከ1 እስከ 4 ነጥብ የሚያዝበት) በ100 ካሬ ያርድ ከ40 ነጥብ በላይ ያመጣውን ጥቅል ብዙ ገዢ አይቀበልም፤ እኛ ግን ሳንዘረጋው ካቲንግ (መቁረጫ ክፍል) እንልከዋለን። መቀስ ከገባበት በኋላ አቅራቢው ካሳ አይሰማም።

ቃሊቲ፦ ቦነሱስ? በተሰፋው ቁራጭ ቁጥር ብቻ እስከከፈልን ድረስ ኦፕሬተሯ ኢንስፔክተሯን እንደ ደመወዝ ቀማኛ ነው የምታያት።

ገላን፦ የካይዘኑ 5ቱ ማዎች (የሥራ ቦታን ሥርዓት የማስያዝ አምስቱ ደረጃዎች፣ የመጨረሻው ማዝለቅ) እኮ እኛም ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ማዝለቁ ላይ ነው የቀረነው። ይህም እንደዚያ እንዳይሆን።

ቦሌ ለሚ፦ እሱን የሚጠብቅልን ቁጥር ነው ጋሼ። ዲኤችዩ፣ ማለትም ከ100 የተፈተሸ ቁራጭ የተገኘው ጉድለት፣ በየሰዓቱ ላይኑ ራስ ላይ ይጻፍ። ሁሉም አባል በአንድ ዓይነት ቀመር ካልቆጠረ ግን ማወዳደር የለም፤ አንዱ ጉድለት ሲቆጥር ሌላው ጉድለት ያለበትን ሸሚዝ ይቆጥራል።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ አንቀጹ ወደዚህ ተቀይሯል፦ «ድጋፉ ለተዘዋዋሪ ፍተሻ፣ ለጨርቅ ፍተሻ ጠረጴዛና ለጋራ የጉድለት መመዝገቢያ ይዋል፤ ቀይ ካርድ ማሽን የማስቆም ሥልጣን ይኑረው።» የመጨረሻው ፍተሻ ባለበት ይቀጥላል። ቦነሱን እህታችን ከቃሊቲ በሁለት መስመር ጽፋ እስከ ሐሙስ ትላክልኝ።

ገላን፦ «ማሽን የማስቆም» የሚለው ላይ «ጥገና እስኪመጣ» ይጨመር። አለበለዚያ ባለቤቶቹ አይፈርሙም።