28,000 ዶላር ይዤ፦ ሌክሰስ ጂኤስ 350 ወይስ ቢኤምደብሊው 540አይ?

ጠያቂ (ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዕቁብ ወጥቶልኝ ካጠራቀምኩት ጋር ሲደመር 28,000 ዶላር በእጄ አለ። እስካሁን የምነዳው የ2009 ካምሪ ነው። ምንም አልበደለኝም፤ ግን በየቀኑ በአውራ ጎዳና 95 ወደ ዋሽንግተን ስመላለስ መንዳት አስደስቶኝ አያውቅም። አሁን ለቤተሰብ የምትበቃ፣ ምቾትም ጉልበትም ያላት ባለአራት በር መኪና እፈልጋለሁ። ሁለት ዐይቼ ልቤ ተከፍሏል።

አንደኛዋ የ2018 ሌክሰስ ጂኤስ 350 ኤፍ ስፖርት ናት፤ አራቱም ጎማዎቿ ይጎትታሉ፣ 78,000 ማይል ሄዳለች፣ የተጠየቀባት 27,900 ነው። ሁለተኛዋ የ2019 ቢኤምደብሊው 540አይ ኤክስድራይቭ ናት፤ እርሷም በአራቱም ጎማ ትጎትታለች፣ 61,000 ማይል፣ ዋጋዋ 26,400። ሁለቱም ያሉት ያገለገሉ መኪኖች በሚሸጡባቸው የተለያዩ ግቢዎች ነው። ባለቤቴ ደግሞ «ይህን ቅድሚያ ከፍለህ አዲስ ለምን አትገዛም?» ትላለች።

የትኛዋ ትሻለኛለች? ገንዘቡን ከማስረከቤ በፊትስ ምን ልይ? አንድ ነገር ልጨምር፦ ከሦስት አራት ዓመት በኋላ መኪናዋን አዲስ አበባ ላለው አባቴ ልልክለት አስቤያለሁ።

ካምሪ ወዳድ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ያልበደለህን ካምሪ ለምን ትሸጣለህ? ለመንገድ መጨናነቅ 300 የፈረስ ጉልበት ምን ያደርግልሃል? ዘጠና አምስት ላይ ቢኤምደብሊውም ካምሪም እኩል ቆመው ነው የሚውሉት። ግድ ካልህ ሌክሰሷን ውሰድ፤ እርሷም የቶዮታ ልጅ ናት።

መካኒኩ (አሌክሳንድሪያ)

ወንድሜ፣ ከስሙ ሳይሆን ከሞተሩ እንጀምር።

ጂኤስ 350 ከ2016 ሞዴል ጀምሮ የተገጠመላት ባለ3.5 ሊትር ቪ6 ነው፤ 311 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ቱርቦ የለውም። ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩም፣ ከመግቢያው ቫልቭ በፊትም ስለሚረጭ ቫልቮቹ ላይ ጥላሸት ቶሎ አይጋገርም። በአራቱም ጎማ የምትጎትተዋ ካምቢዮዋ ባለስድስት ማርሽ ነው፤ ስምንት ማርሽ ያላት በኋላ ጎማ ብቻ የምትሄደዋ ናት። ስለዚህ በፍጥነት ቢኤምደብሊውዋ ጥላት ትሄዳለች፤ በዚህ መከራከር አያስፈልግም።

የ540አይ ሞተር ቢ58 ይባላል። ባለ3 ሊትር ቱርቦ ነው፤ ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተሰለፉ፣ 335 የፈረስ ጉልበት። ሰዎች «ቢኤምደብሊው ገንዘብ ትበላለች» የሚሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም፤ ግን አንዱን ከሌላው ይቀላቅላሉ። በቀደመው ቅርጽ 528አይ ላይ የነበረው ኤን20 የተባለ ባለአራት ሲሊንደር ሞተር፣ በተለይ ከ2015 በፊት የተሠራው፣ የካቴናው መምሪያ ፕላስቲክ እየተሰባበረ ብዙ ሞተር አበላሽቷል። ቢ58 በዚህ አይታማም። የእርሱ ጣጣ የዘይት ማጣሪያው ቤት ማሸጊያ፣ የላይኛው ክዳን ማሸጊያ፣ እንዲሁም የማቀዝቀዣው ፕላስቲክ ቱቦዎች ናቸው። በጊዜው ከተሠሩ አንዳቸውም ሞተር አይገድሉም፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው ሲደርስ አንዱ ተሠርቶ ሳያልቅ ሌላው ይከተላል።

አሁን ወደ ምርመራው። ሻጩን በስልክ «እስክመጣ ሞተሩን አታስነሳው» በለው። ስትደርስ መጀመሪያ እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርግ። ከሞቀ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፤ በሌላ ቀን ተመለስ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚሰማ መንኳኳትና ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ብዙ ሻጮችም ይህንን ያውቃሉ።

ቀጥሎ ጎማውን አንብብ። በጎኑ ላይ ከ«ዶት» ምልክት በኋላ ከሚደረደሩት ፊደላትና ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረህ የጎማውን የውስጥ ጠርዝ በጣትህ ዳስስ። ከውጭ አዲስ መስሎ ከውስጥ የተላጨ ጎማ የመሪና የእግር ክፍሏ እንዳልተስተካከለ ይነግርሃል። በቢኤምደብሊውዋ የፊትና የኋላው ልክ አንድ መሆኑንም አረጋግጥ፤ ካልሆነ ጎማ ከፊት ወደ ኋላ ማዘዋወር አትችልም፣ ቶሎ ያልቃል። ነፋስ ወጥቶለትም የሚሄደው ዓይነት ጎማ ከተገጠመላት መለዋወጫ ጎማ የላትም፣ አራቱን ለመቀየርም ውድ ነው።

ሌክሰሷን ከፊት በኩል በባትሪ ብርሃን አብራና የውኃ ፓምፑን ፈልግ። የቶዮታ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሮዝ ነው፤ ሲያፈስ ደርቆ ሮዝ ቅርፊት ይሠራል። እርሱን ካየህ ፓምፑ ደክሟል፤ መኪናዋን አያስጥልም፣ ዋጋ ግን ያስቀንሳል።

የመጨረሻው ግን ከሁሉ ይበልጣል። በኮምፒውተር ስትመረመር የስህተት መልእክት አለመኖሩን ብቻ አትይ። የጭስ መቆጣጠሪያዎቹ የራስ ፍተሻቸውን ጨርሰው እንደሆነ ጠይቅ። አብዛኞቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ አንድ ሰው በቅርቡ መልእክቱን አጥፍቶታል። የሞተር መብራት በርቶ የነበረን መኪና ለአንድ ቀን ንጹሕ የሚያስመስለው ይህ ዘዴ ነው።

ከሁለቱ ከግቢው ነጻ የሆነ ጋራዥ ላይ ወጥታ የታየችውን ግዛ። አልሰጥም የሚልህን ግቢ ደኅና ሁን በለው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ፌርፋክስ)

ወንድሜ፣ መካኒኩ በሞተር ሲነግሩህ እኔ በሒሳብ ልንገርህ። በ28,000 ዶላር የ27,900 መኪና መግዛት አትችልም። ቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ግብር 4.15 በመቶ ነው፤ በሌክሰሷ ላይ 1,158 ዶላር ያህል ይሆናል፣ ድምሩ 29,058። በ540አይ 1,096 ያህል ሲጨመር 27,496 ነው። ግቢው የወረቀት ማስፈጸሚያ ብሎ የሚጨምረው ብዙ መቶ ዶላርና የሰሌዳው ክፍያ ገና አልገባበትም። ከሜሪላንድ ብትገዛም ቨርጂኒያ ስታስመዘግብ የምትከፍለው የቨርጂኒያን ነው።

ከካምሪህ ወደዚህ ስትመጣ የሚያስደነግጥህ ግን በየዓመቱ የሚመጣው የካውንቲው የንብረት ግብር ነው። በመኪናዋ ግምት ላይ ይሰላል፤ የክፍለ ግዛቱ ቅናሽ የሚሸፍነው ከግምቱ የመጀመሪያውን 20,000 ዶላር ብቻ ነው፣ እርሱንም በከፊል። ኢንሹራንስም ከመወሰንህ በፊት በሁለቱ የሻንሲ ቁጥር አስጠይቅ። ሁለቱም የሚፈልጉት ውዱን ቤንዚን ነው።

አዲሱን በተመለከተ ለእህታችን ሐሳብ አክብሮት አለኝ። አዲስ ሌክሰስ ኢኤስ ግን ከ40,000 ዶላር በላይ ነው፤ አዲስ 5 ሲሪስ (540አይ ያለችበት የቢኤምደብሊው መስመር) ከዚያም በጣም ይርቃል። የዚህ ዓይነት መኪና ብዙ ዋጋ የሚጥለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ያንን የከፈለልህ ሰው ካለ አመስግነህ ተቀበል። ባለቤትህ የምትፈልገው ዋስትና ከሆነ፣ እርሱ ለብቻው የሚመዘን ነገር ነው ብለህ ንገራት፦ ሌክሰሷ ለሞተርና ለካምቢዮ የነበራት 6 ዓመት ወይም 70,000 ማይል አልፏል፤ የቢኤምደብሊውዋ 4 ዓመት ወይም 50,000 ማይልም እንደዚሁ። ግቢው ሊሸጥልህ የሚሞክረውን የሌላ ድርጅት ዋስትና ደግሞ «የማይሸፍናቸው» የሚለውን ገጽ አንብብ። ማሸጊያዎችና ቱቦዎች ብዙ ጊዜ እዚያ ናቸው፤ መካኒኩ የዘረዘሩት ሁሉ ማለት ነው።

የ540አይ ባለቤት (አርሊንግተን)

የእኔ ተመሳሳይ ናት። መንገዱ ሲለቀቅ ያላት ጉልበት ልዩ ነው፤ በረጅም ጉዞ ወንበሯ ጀርባ አያሳምምም። በሌክሰሷ ስክሪኑን የምታዘው ማርሹ አጠገብ ባለ እንደ ኮምፒውተር መዳፊት በሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ እየነዱ አንድ ቦታ ላይ ማሳረፍ ትዕግሥት ይፈልጋል። አይፎንን ከመኪና ስክሪን ጋር የሚያገናኘው አፕል ካርፕሌይም የላትም።

ነገር ግን እውነቱን ልናገር፦ ይህን መኪና የሚይዝ ሰው አምራቹ በ10,000 ማይል ቀይር የሚለውን ዘይት በግማሹ መቀየር አለበት። ካምቢዮውን የሠራው ዜድኤፍ ራሱ ዘይቱ በየ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ይመክራል፤ ሻጩ «የዕድሜ ልክ ነው» ቢልህ አትስማው። ባትሪ ስትቀይርም ለመኪናዋ ኮምፒውተር ማስመዝገብ አለ። ይህ ሁሉ ካስመረረህ ከአሁኑ ተዋት።

የሦስት ልጆች እናት (ስፕሪንግፊልድ)

ከኋላ ማን እንደሚቀመጥ ማንም አልጠየቀም! በሁለቱም መኪኖች ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ዘንግ መሐል ወለሉን ከፍ አድርጎታል፤ ሦስተኛ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት የለም። የልጅ ወንበር ካለህ ይዘኸው ሂድና ግቢው ውስጥ ግጠመው። ሻጩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። እኔ በዚህ ምክንያት ያገለገለ ኢኤስ 350 ገዛሁ፤ ስፖርት አይደለም፣ ከኋላ ግን ሰፊ ነው።

አዲስ አበባ ነዋሪ

ስለ አባትህ መልካም አስበሃል። ነገር ግን ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በኤሌክትሪክ የማይሠራ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ይህን ከስሌትህ አውጣው።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ መካኒኩ፣ እንዳሉኝ ሁለቱንም አየሁ፤ አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ቢኤምደብሊውዋ ጋ ስደርስ ሞተሩ ሞቆ ነበር። ኮምፒውተሩም ሦስቱ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቁም» አለ። ሻጩ ትናንት ባትሪ ስለተቀየረ ነው አለኝ። እውነት ሊሆን ይችላል?

መካኒኩ

ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ መስመሩ ከተቋረጠ ፍተሻዎቹ ከዜሮ ሊጀምሩ ይችላሉ። ስለዚህ አትስደበው። የባትሪውን ደረሰኝ እንዲያሳይህ፣ ባትሪው ላይ ያለውን ቀንም እንድታይ ጠይቅ። ከዚያ መኪናዋን ጥቂት ቀን ነድተው ፍተሻው ሲያልቅ ደውልልኝ በለው። እውነተኛ ከሆነ ምን ይጎዳዋል? «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ካለህ ግን መልስህን አገኘህ።

ደግሞ ልብ በል፣ አንዳንድ ሰው ሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል ብሎ ያምናል። በሻጩ ግቢ ለተገዛ መኪና እንዲህ ያለ የፌዴራል መብት የለም። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ባለችበት ሁኔታ» የሚለው ላይ ምልክት ካለበት ከፊርማህ በኋላ ችግሩ ያንተ ነው።

ጠያቂ

«ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» አለኝ፤ ቃል በቃል።

ሌክሰሷን አንድ ጋራዥ ወስጄ አስነሥቼ አስመረመርኳት። የፓምፑ ሥር ሮዝ ቅርፊት አለ፤ የኋላ ጎማዎቹ 1119 ይላሉ። ሌላው ሁሉ ደኅና ነው፤ የፊት ቀኝ በር ላይ የቀለም ውፍረት ትንሽ ከፍ ቢልም ላሜራው አልተነካም ብለውኛል። እስከ 70,000 ማይል ያለው የጥገና መዝገቧም ሙሉ ነው። ፓምፑንና ጎማውን በጽሑፍ አሳይቼ 26,200 ላይ ተስማማን፤ ከግብሩ ጋር 27,287 መሆኑ ነው። እህቴ ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ እጄን ባዶ ላለማድረግ ከክሬዲት ዩኒየን 4,000 ተበድሬ ጥሬውን ለጥገና አስቀርቼዋለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ

ጥሩ አደረግህ። ብድሩ ቀድሞ ሲከፈል ቅጣት እንደሌለው ውሉ ላይ አረጋግጥ።

መካኒኩ

እንኳን ደስ አለህ። ፓምፑን ስታስቀይር ቺንጋውንና ቴርሞስታቱንም አብረህ ቀይር፤ የጉልበት ዋጋውን አንዴ ከፍለኸዋል። አረንጓዴ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እንዳይጨምሩብህ፣ የሚስማማትን ራስህ ገዝተህ ሂድ። የኋላ ዲፈረንሻልና ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን ዘይት መቀየሩ መዝገቡ ላይ ከሌለ እነርሱንም አስቀይራቸው። ጎማውን አራቱንም በአንድ ጊዜ ግዛ፤ አራቱም የሚጎትቱ ስለሆኑ ሁለቱ አዲስ ሁለቱ አሮጌ መሆን የለባቸውም።

የ540አይ ባለቤት

ያቺ ቢኤምደብሊው አሁንም አለች? ወንድሜ እየፈለገ ነው። ባትሪውን እኔ አይለታለሁ።