ፍሬም ውስጥ ለሚገባ የካቢኔት በር በሰፊው የሚከፈት ድብቅ ማጠፊያ፦ የቱን ልግዛ?

ጠያቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም የዕቃ ካቢኔት እየሠራሁ ነው። ሁለት በር አለው። እያንዳንዱ 45 ሴንቲ ስፋት፣ 150 ሴንቲ ቁመት፣ 20 ሚሊ ውፍረት ያለው ጠንካራ እንጨት ነው። በሮቹ ከላይ የሚደረቡ ሳይሆኑ ፍሬሙ ውስጥ ገብተው ከፊቱ ጋር እኩል የሚሆኑ ናቸው። ሲዘጋ አንድ ወጥ ሆኖ መታየቱ ደስ ስለሚለኝ ይሄን አሠራር መተው አልፈልግም። ውስጡ ደግሞ ሦስት መሳቢያ አለ።

መጀመሪያ 110 ዲግሪ የሚከፈት ድብቅ ማጠፊያ ገጠምኩ። በሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ እንኳን መሳቢያውን ስስበው ጥጉ የበሩን ጀርባ ይፍቃል። ቀለሙ ላይ ቀጭን መስመር አውጥቶበታል፣ ሳየው ያናድደኛል። ከዚያ 165 ዲግሪ የሚል ገዛሁ። እሱ ደግሞ ባሰ፦ በሩ ፍሬሙ ውስጥ አልገባ ብሎ ፊት ለፊት ተደርቦ ቀረ። ቦታውን ብቀያይረውም ያው ነው። 170 የሚል ብፈልግ ይሻላል? ወይስ ከመጀመሪያው የተሳሳትኩት ነገር አለ?

እንጨት ወዳድ፦

ወንድሜ፣ ሁለት የተለያየ ችግር ነው ያለህ። ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ ቀላል ነው።

አሁን የገዛኸውን ማጠፊያ እጅህ ላይ ያዝና ክንዱን እየው። በሩ ጀርባ ከሚቀበረው ክብ ኩባያ ተነስቶ ወደ ካቢኔቱ ጎን የሚሄደውን ብረት ማለቴ ነው። ክንዱ ቀጥ ያለ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ለሚደረብ በር ነው የተሠራው። ትንሽ ጎበጥ ካለ ደግሞ ሁለት በሮች አንድ የጎን ጣውላ ሲጋሩ የሚገባው ነው። ላንተ የሚሆነው አንገቱ ላይ በደንብ የጎበጠው ነው። እንደነገርከን ያንተ ቀጥ ያለው ይመስለኛል። ዲግሪው 165 ሆነ 170፣ ቀጥ ያለ ክንድ በሩን ፍሬም ውስጥ አያስገባልህም። ሰፊ ከሚከፈቱት ብዙዎቹ ለተደራቢ በር የተሠሩ ናቸው። ጎባጣ ክንድ ያለው ሰፊ ከፋች አለ፣ ግን ለይተህ ጠይቀህ ነው የምታገኘው፤ ዝም ብለህ "165 ስጠኝ" ካልክ ቀጥ ያለውን ነው የሚሰጡህ።

አሁን ወደ መሳቢያው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በቁጥሩ ይታለላል። ዲግሪው የሚነግርህ በሩ ምን ያህል እንደሚዞር ነው። መሳቢያው የሚያስፈልገው ግን በሩ ከመክፈቻው ሙሉ በሙሉ መውጣቱ ነው። ፍሬም ውስጥ የሚገባ በር ሲከፈት በማጠፊያው በኩል ያለው ጠርዙ መክፈቻው ውስጥ ይቀራል። 90 ዲግሪ ላይ ቆመህ ከፊት ለፊት ብታየው የበሩ ውፍረት የመክፈቻውን ዳር በልቶት ታየዋለህ። መሳቢያህ የሚፍቀው እሱን ነው። በሩ ወደ 165 ሲዞር ያ ጠርዝ ወጥቶ ከጎኑ ፍሬም ላይ ወደ መተኛት ይሄዳል፣ መንገዱም ይከፈታል። ስለዚህ ሐሳብህ ልክ ነው፣ የተሳሳተው የክንዱ ዓይነት ነው።

ሌላም መንገድ አለ። መሳቢያውን ማጥበብ። ሐዲዱ ከሚታሰርበት ጎን ማካካሻ እንጨት አስገብተህ መሳቢያውን ወደ መሀል ብታመጣው 110ውም ይበቃሃል። ከያንዳንዱ ጎን ሁለት ሴንቲ ተኩል ገደማ ታጣለህ፣ ግን ማጠፊያው ቀላልና ጠንካራ ይሆናል። እኔ ራሴ ቤት ውስጥ የሠራሁት እንዲህ ነው፣ አልተቆጨሁበትም።

ቀዳጁ፦

ከላይ የተባለው ክንድ ነገር ትክክል ነው። እኔ ቀዳዳው ላይ ልጨምር፣ ምክንያቱም ጎባጣውን ክንድ ገዝተህ ቀዳዳውን ከተሳሳትክ መልሰህ እዚያው ነህ።

ለተደራቢ በር የማጠፊያው መቀመጫ (ክንዱን የሚይዘው፣ ካቢኔቱ ጎን ላይ የሚታሰረው ብረት) ብሎን ከካቢኔቱ ፊት 37 ሚሊ ወደ ውስጥ ነው የሚቀደደው። ለውስጥ ገቢ በር የበሩን ውፍረት ትደምርበታለህ። ያንተ በር 20 ስለሆነ 57 ሚሊ። ከፍሬሙ ፊት አንድ ሚሊ ገባ እንዲል ከፈለግክ 58። ይሄን ሳይደምሩ በ37 ቀድደው በሩ ወደ ፊት አፍጥጦ የቀረባቸውን ሰዎች ብዙ አይቻለሁ። መጀመሪያ ላይ እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ፤ ቀዳዳውን በእንጨት ቁራጭና በኮላ ደፍኜ፣ አድሬ ነው መልሼ የቀደድኩት።

የኩባያው ቀዳዳ 35 ሚሊ ነው። ጥልቀቱን ማጠፊያው ላይ ከተጻፈው አታሳልፍ፣ ብዙ ጊዜ 12 ወይም 13 ሚሊ ነው። ከበሩ ጠርዝ እስከ ቀዳዳው ጠርዝ ያለውን 5 ሚሊ አድርገው። ትራፓኖው ላይ ማቆሚያ አድርግበት፣ ፑንታው በበሩ ፊት ብቅ ሲል ማየት ምን እንደሚመስል አልነግርህም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ ፍሬምህ ከጎን ጣውላው አልፎ ወደ መክፈቻው ወጣ ይላል? ከወጣ መቀመጫውን ጣውላው ላይ ብታስረው ማጠፊያው ከፍሬሙ ጀርባ ተደብቆ ይቀራል። ጣውላው ከፍሬሙ ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ከጀርባ እንጨት ሙላበትና እዚያ ላይ እሰር።

ቁመቱ 150 ከሆነና እንጨቱ ያን ያህል ከወፈረ በሩ ዘጠኝ ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ሦስት ማጠፊያ አድርግለት። በሁለት ብትተወው ቀስ በቀስ ወደ ታች ይዘነብላል፣ ዙሪያው ላይ ያለው ክፍተትም ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል። ውስጥ ገቢ በር ላይ ደግሞ ክፍተቱ ነው ሥራውን የሚናገረው። 2 ሚሊ ዙሪያውን እኩል ይሁን። የተደራቢ በር ስህተት ይሸፈናል፣ የዚህኛው አይሸፈንም።

መሮ ያዥ፦

እኔ ትንሽ እለያለሁ። ሰፊ ከፋቹ ድብቅ ማጠፊያ ብዙ መገጣጠሚያ ያለው ግዙፍ ነገር ነው። ካቢኔቱ ውስጥ ቦታ ይይዛል፣ ከመደርደሪያው ጋር ይጋጫል። በሩን በጠርዙ ላይ የሚይዘውን አስበኸው ታውቃለህ? ግማሹ በበሩ ጠርዝ፣ ግማሹ በፍሬሙ ጠርዝ ውስጥ የሚቀበረውን። ሲዘጋ ምንም አይታይም፣ ሲከፈት 180 ዲግሪ ይሄዳል። መልኩ በጣም ንጹሕ ነው።

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ማስተካከያ ብሎን የለውም ወይም በጣም ጥቂት ነው። አንድ ሚሊ ከሳትክ ሳትክ። እኔ መሮ በእጄ ስለለመደ ነው የምወደው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ድብቁን በኩባያ የሚገጠመውን ምረጥ፤ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ውስጥ ሁለት ሁለት ሚሊ ያህል በብሎን ስለሚስተካከል እንጨቱ በእርጥበት ቢያብጥ እንኳን ታስተካክለዋለህ።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክንዱን አየሁት፣ ቀጥ ያለ ነው! ሁለት ቀን ስታገል የነበረው ለዚህ ነው።

ዛሬ ከቁርጥራጭ ጣውላ ሙከራ ሠራሁ። አንድ ጎን፣ 20 ሴንቲ ቁመት ያላት በርና ጎባጣ ክንድ ያለው 165። በ57 ቀደድኩ። በሩ ልክ ገባ፣ ጣቴን ከፍሬሙ ወደ በሩ ሳንሸራትተው መገጣጠሚያው አይታወቅም። ስከፍተው ደግሞ የመሳቢያዋን ቁራጭ ጎትቼ አወጣሁ፣ የበሩን ጠርዝ ሳይነካ አለፈ። የገረመኝ በሩን ከግማሽ በላይ እስክከፍተው ድረስ አለመለቀቁ ነው፤ በልማድ 90 ላይ አቁሜ መሳቢያውን ብስብ አሁንም ይፍቃል። ሁለቱም በሮች ካቢኔቱ ዳር ላይ ስለሆኑ አንደኛው 165 ሲከፈት እጀታው ጎን ያለውን ግድግዳ ሊነካው ነው። ለዚህ ምን ላድርግ?

ቀዳጁ፦

የአከፋፈት መገደቢያ የሚባል ትንሽ ፕላስቲክ አለ፣ ክንዱ ላይ ይሰካል፣ ማጠፊያው እሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከማጠፊያህ ጋር የሚሄደውን ጠይቅ፣ ከሌላ ዓይነት አይገጥምም። ግን ከመግዛትህ በፊት መሳቢያዋ የምታልፍበትን ትንሹን ዲግሪ በሙከራህ ላይ ለካ። በሩ መሳቢያውን በሚለቅበትና እጀታው ግድግዳ በሚነካበት መሀል ቦታ ካለህ እዚያ አቁመው። ከሌለህ ለዚያ በር እጀታውን ጠፍጣፋ ቀይርለት።

በቀስታ እንዲዘጋ ከፈለግክ ደግሞ ማረጋጊያ ያለውን ለይተህ ጠይቅ፣ ሰፊ ከፋቾች ላይ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚገጠመው። በተረፈ ከፍሬሙ በስተኋላ፣ ከላይኛው ጥግ ላይ ስስ ጨርቅ የተለጠፈበት ትንሽ የእንጨት ማቆሚያ አድርግ። በሩ ሲዘጋ ወደ ውስጥ አልፎ እንዳይሄድና ማጠፊያው ብቻውን እንዳይሸከመው።