የአውራ ጣቴ አጥንት ወጣ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ቤተሰብ፣ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ወደ ሁለተኛው እያዘነበለ ስሩ ላይ አጥንት ወጥቷል፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ በስራ ጫማ ስሄድ እንደ እሳት ያቃጥለኛል፣ እናቴም እንደዚሁ ናት፣ ቢታሽ ይመለሳል?

መልስ 1፦ አይዞሽ እህቴ፣ እጢ ምናምን አይደለም፣ ራሱ የመገጣጠሚያው አጥንት ከመስመሩ ወጥቶ ነው ስለዚህ በማሸት አይገባም። በዘር ይመጣል፣ ሹል ጫማ ደሞ ያባብሰዋል። ወረቀት ላይ ቆመሽ እግርሽን በእስክሪብቶ ዙሪያውን አስምሪና ጫማሽን ላዩ ላይ አስቀምጪ፣ መስመሩ ከጫማው ከወጣ ጠቦሻል። ጫማ ወደ ማታ ግዢ፣ እግር ያኔ ያብጣል።

መልስ 2፦ ጣቱን ለማቃናት ተብሎ ማታ እግር ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ ህመሙን ቢያስታግስ እንጂ አጥንቱን አይመልስም፣ ብሬን ጨርሼበታለሁ። የሚያቃናው ኦፕሬሽን ነው፣ ግን ለመልክ ብለሽ እንዳትገቢ፣ ማገገሙ ወራት ይፈጃል።

መልስ 3፦ ስኳር ካለብሽ ሳይቆስል ቶሎ ሀኪም ጋ ሂጂ በናትሽ።